የፊኛው ፈተና

«ሌባ! ኧረ ያዙልኝ! ሌባ!»

የአለቃ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ ለአንዲት አስተማሪ ጠመኔ እየጠቀለልኩላት ነበር። የኔን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅና የእነሱን ፀጉር ቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ እዚያ መቀስ ሲወድቅ እዚህ እኔ እደነግጣለሁ። ጠመኔውን ጥዬ ስወጣ አንድ ሰውዬ ግማሽ ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ እንዳሰረ መንገዱን ሲሻገር አየሁት። ሌባው እሱ አይደለም፤ ደንግጦ ያመለጠ ደንበኛ ነው። ሌባ የተባለው ምላጭ እንደያዘ መሃል ወለሉ ላይ ድርቅ ብሎ የቆመው ሎጋው ነው፤ የአለቃ የገዛ ልጅ፣ የኔም የልጅነት ጓደኛ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ! ልጅህ ነኝ!» ይላል ሎጋው።

«ልጄንማ አውቀዋለሁ! አንተን ነው የማላውቅህ! ምላጬን አስቀምጥና ውጣልኝ!»

ሎጋው ከኪሱ መታወቂያውን አወጣ። ይኼን ነገር ሲያደርግ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አባት መታወቂያ አይቶ ልጁን ያስታውሳል የሚለውን ሐሳብ ከየት እንዳመጣው እንጃ። አለቃ ተቀበሉት፤ ራቅ አድርገው ፎቶውን አዩት፤ ከዚያ ጭራሽ ባሰባቸው።

«የልጄን መታወቂያም ሰርቀሃል!»

ገባሁና ክንዳቸውን ያዝኩ። «አለቃ፣ ይምጡ እኔ ጋ። አዲስ እርሳስ ገብቶልኛል፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ ይዩልኝ።»

«የወረቀቷ ልጅ፣ ይኼ ሰውዬ ሊዘርፈኝ ነው።»

«እኔ እያለሁ? የት አባቱ!» አልኩና ሎጋውን ገላመጥኩት። እሱም ምላጩን አጥፎ መስታወቱ ሥር አስቀመጠና ወደ ግድግዳው ዞረ። ፊቱን በፎጣ ሲሸፍን አየሁ። ያን ሰዓት ግን ማጽናናት የምችለው አንድ ሰው ብቻ ነበርና አለቃን ይዤ ወጣሁ።

ሎጋው ያልነው ቁመቱን አይተን ነው። ሲሠራ ጎብጦ ስለሚውል ገና ጎልማሳ ሳለ ጀርባው ሽማግሌ መስሏል። እኔን እሳቷ ይሉኛል፤ ነገር በሆዴ ይዤ ማደር ስለማልችል። አለቃን ግን ሰፈሩ ሁሉ አለቃ ነው የሚላቸው፤ ሌላ ስም እንዳላቸው የሚያስታውስም ያለ አይመስለኝም። የሰፈሩን ግማሽ ወንድ የመጀመሪያ ጺም የላጩ ሰው ናቸው። ፀጉር ቤታቸው ውስጥ ሁለት ወንበር አለ፤ በመስኮቱ በኩል ያለው የሳቸው፣ በግድግዳው በኩል ያለው የሎጋው። በመስኮቱ በኩል ያለው ላይ ሎጋው ደንበኛ አስቀምጦ አያውቅም፤ ራሱም ተቀምጦበት አያውቅም። እናቱ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥም ያሉት እነዚያው ሁለቱ ናቸው። እህት የለው፣ ወንድም የለው።

በሽታው የታወቀው በጡረተኛው ፖስተኛ ራስ ላይ ነው። ፖስተኛው እንደ ልማዱ ጫፍ ጫፉን ሊስተካከል መጣ። አለቃ ቆረጡት፤ ጨርቁን አራገፉ፤ ማበጠሪያውን ሊያጥቡ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ሰውዬው ገና ከወንበሩ ሳይነሣ የጫማውን ክር ያስር ነበር። አለቃ ጨርቁን እንደገና አንገቱ ላይ አሰሩለትና «እሺ፣ እንዴት እናድርገው?» አሉት። ፖስተኛውን ይሉኝታ ያጠቃዋል፤ ሽማግሌ ማሳፈር አልሆነለትም። «ትንሽ ጫፍ ጫፉን» አለ። ቆረጡት። ከዚያ ደግሞ ማበጠሪያ ሊያጥቡ ሄደው ተመለሱ። ሎጋው ሳሙና ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ የፖስተኛው ራስ እንቁላል መስሎ፣ ሰውዬው ግን አሁንም ፈገግ እንዳለ «ትንሽ ጫፍ ጫፉን» ሲል ደረሰበት።

ሳቅን ያን ቀን። ሳቁ የቆመው ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው፣ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም ያለ ጊዜ ነው። ሎጋው መቀሱንና ምላጩን ከአባቱ እጅ ወሰደ። ምን ያድርግ? ምላጭ ነው። ቤት ትቷቸው እንዳይመጣ ምድጃ ለኩሰው ረስተው ለጥቂት ተርፈዋል። ስለዚህ መስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ጠዋት ጠዋት ልጃቸውን ያውቁታል፤ በስሙ ይጠሩታል፤ «ቁርስ በልተሃል?» ይሉታል። ከሰዓት በኋላ ግን ዓይናቸው ይለወጣል። ያኔ የሚያዩት በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ መቀሳቸው፣ ማንንም ሳያስፈቅድ የሚሠራ አንድ ረጅም እንግዳ ሰው ነው። ሌባ ቢሉት ይፈረድባቸዋል?

ደንበኛው በአረፋው የሸሸ ዕለት ሱቅ ስንዘጋ ሎጋው መዝጊያዬን ተደግፎ ቆመ።

«ሰኞ ልወስደው ነው» አለኝ።

«የት?»

«የአረጋውያን መኖሪያው ጋ። አልጋ አግኝቻለሁ። ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ግቢው ዛፍ አለው።»

«ዛፍ! አለቃ ዛፍ ምን ይሠራላቸዋል? ዛፍ ጺም ያወጣል?»

አመለጠኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር።

«እሳቷ፣ አንቺን ያውቅሻል» አለ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። «ፖስተኛውን ያውቀዋል። በዚህ የሚያልፈውን ውሻ ያውቀዋል። እኔን፣ የማጥበውን፣ የማለብሰውን፣ የማበላውን ሰው ነው ሌባ የሚለው። ደንበኛ ሸሸኝ። ቤቱን ከዘጋሁ ምን አበላዋለሁ? ካልዘጋሁ ደግሞ ማን ይጠብቀዋል? እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»

እውነቱን ነዋ። እኔ አለቃን የማገኛቸው ትንሽ አውርተው፣ ትንሽ ስቀው ሲሄዱ ነው። እሱ ግን ሌሊት በር ሲነካኩ አብሯቸው ይነሣል፤ ልብስ ሲያወልቁ ይመታል፤ በማግስቱ ደግሞ ቆሞ ይሠራል። ተናደድኩ፤ የምናደድበት ሰው ስላጣሁ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ።

«እሺ» አልኩት። «እስከ ሰኞ ድረስ ከሰዓት ከሰዓት እኔ ጋ ይዋሉ። አንተ ተረጋግተህ ሥራህን ሥራ።» ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም።

አለቃ እኔ ሱቅ ሲውሉ ጭንቀት የላቸውም። እርሳሶቹን በቁመት ይደረድራሉ። ደብተር ሊገዛ የመጣውን ሰው ከኋላ አይተው «ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያበላሸብህ?» ይሉታል፤ ሰውዬው ማጅራቱን እየዳበሰ ይወጣል። ደንበኛ አሳጡኝ ማለት ነው፤ ግን ሳቄ ስለሚመጣ ዝም እላቸዋለሁ።

ዓርብ ዕለት ለልደት የታዘዘ ፊኛ ነበረኝና ቁጭ ብዬ እነፋለሁ፤ ጉንጬ አብጦ፣ ዓይኔ ፈጦ። አንዱን አስሬ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው አለቃ አነሡት። አልተጫወቱበትም። በግራ እጃቸው ከሥር ደገፍ አደረጉትና በቀኝ አውራ ጣታቸው ወደ ላይ ወደ ታች ዳሰሱት። የሰው ጉንጭ ላይ ጺም በየት በኩል እንደሚበቅል ሲፈልጉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

«ሳሙና አምጪ» አሉኝ።

«ለምን ነው አለቃ?»

«ሰው ሊቀጠር መጥቶ የለም እንዴ? ያለ ሳሙና በምን ይፈተናል?»

ያኔ ትዝ አለኝ። ልጆች ሆነን ከግድግዳው ማዶ ጧ! የሚል ድምፅ ይመጣ ነበር። ያኔ ሱቁ የእናቴ ነው፤ ደረቷን ትይዝና «አለቃ ደግሞ ሰው ሊቀጥሩ ነው» ትላለች። አለቃ ዘንድ ሥራ የሚጠይቅ ሰው የሚፈተነው በፊኛ ነው። ፊኛው ይነፋል፤ እንደ ሰው ፊት በሳሙና አረፋ ይቀባል፤ ተፈታኙ በደህና ምላጭ አረፋውን ሙልጭ አድርጎ ይላጨዋል። ከፈነዳ የሰው ጉንጭ ቆረጠ ማለት ነው። ካልፈነዳ በማግስቱ ሥራ ይገባል። አለቃ ከዚህ ሌላ የትምህርት ማስረጃም ሆነ ምስክር ጠይቀው አያውቁም።

የእጅ ሳሙና በሳህን መትቼ አመጣሁላቸው። ምላጭ ግን አልሰጠሁም፤ እሳት ብባልም እብድ አይደለሁም። የፕላስቲክ ማስመሪያ ሰጠኋቸው። አለቃ ማስመሪያውን አዘንብለው ያዙና አረፋውን ከላይ ወደ ታች ይጠርጉት ጀመር፤ በየመሃሉ ጠርዙን በፎጣ ይወለውላሉ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሰሞኑን ተቋጥሮ የከረመው ግንባራቸው ሲፈታ አየሁ።

«አለቃ፣ ይኼ ፈተና ለማን ለማን ነው?»

«ለመጣ ሁሉ።»

«ለማያውቁት ሰውም?»

«ለማላውቀው ሰው ነው እንጂ! ሳይፈተን መቀሴን የሚነካ የለም። የገዛ ልጄም ተፈትኗል።» ፊኛውን ወደ ብርሃኑ አነሡና አረፋ የቀረበት ቦታ ፈለጉ። «ሰው ቤት ገብተህ መጀመሪያ የምትጠይቀው ባለቤቱን ነው። ዝም ብለህ ዕቃ አታነሣም።»

ነገሩ በራልኝ። አለቃ የተጣሉት ከልጃቸው ጋር አልነበረም። ሳያስፈቅዳቸው መቀሳቸውን ካነሣው ሰው ጋር ነው። እኛ ደግሞ ይኼን ሁሉ ጊዜ መታወቂያ እናሳያቸዋለን።

ማምሻውን ለሎጋው ነገርኩት።

«ምን አልሽ?»

«ሥራ ጠይቃቸው ነው የምልህ። በፊት ለፊት በር ግባ፤ ሰላም በል፤ ሥራ አለ ወይ በላቸው። ፊኛውን ላጭ። ይቀጥሩሃል፤ አለቀ።»

«በገዛ አባቴ ቤት ሥራ ልለምን?»

«አዎ።»

«ልጁ ነኝ እኮ እሳቷ! ዕድሜዬን የጨረስኩበት ቤት ነው!»

«ያንን እኔም አንተም እናውቃለን። የጠፋባቸው እሳቸው ናቸው።»

«ስለዚህ ልጅነቴን ልተው? እሱ ረሳኝ፤ አሁን ደግሞ እኔም ልጁ አይደለሁም ልበል?»

«መታወቂያውን ተው ነው ያልኩህ!» ጮህኩበት። «ልጅነትህን ማን ይወስድብሃል? አንተ ደህና ነህ፤ አንተ ታስታውሳለህ። ለሁለታችሁም አንተ አስታውስ!»

ፊቱ ጠቆረ። ቁልፉን አዙሮ፣ አባቱን በክንዳቸው ይዞ፣ ደህና እደሪ እንኳ ሳይለኝ ሄደ። እኔም አኮረፍኩ፤ በኩርፊያ ደግሞ ማንም አይቀድመኝም። ቅዳሜን ሙሉ በግድግዳው ሁለት ጎን ተዘጋግተን ዋልን። አለቃ ብቻ ናቸው ከዚያ ወዲህ፣ ከዚህ ወዲያ የሚሉት።

እሁድ ሱቅ አልከፍትም፤ ዕቃ ላስተካክል ግን ገብቼ ነበር። መዝጊያው ተንኳኳ። ሎጋው ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«አባትህስ?» አልኩት።

«ፖስተኛው አብሮት አለ።» ቁጭ አለ። «ሻንጣውን ሳዘጋጅለት ነበር። ሸሚዞቹን ሳጥፍ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰላም ነበር፤ አልጮኸም። እሱም አብሮኝ ያጥፍ ጀመር። ጥሩ አድርጎ ነው የሚያጥፈው፤ ከኔ ይሻላል። ጨርሰን ሻንጣውን ስንዘጋው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ? 'መልካም ጉዞ። ቤተሰቦችህ ናፍቀውህ ይሆናል' አለኝ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሎጋው አፍንጫውን ጠረገ።

«በሩ ላይ ምን ብዬ ነው የምገባው?» አለኝ።

ሆን ብለን ከሰዓት በኋላ አደረግነው፤ ዓይናቸው የሚለወጥበትን ሰዓት ጠብቀን። አለቃን ፀጉር ቤቱ አምጥቼ ነጭ ጋዋናቸውን አለበስኳቸው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበራቸው አጠገብ ቆሙ። ለመጠባበቂያ ሁለት ሦስት ፊኛ ነፍቼ ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። ሎጋው በፊት ለፊት በር ገባ። ኮት ለብሷል፤ ጫማውን ወልውሏል። እውነትም ሥራ የሚፈልግ ሰው ይመስላል።

«ጤና ይስጥልኝ አለቃ።»

አለቃ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ሌባ የሚለው ቃል መጣ ስል፣

«አብሮ ይስጥልን» አሉ። «ዛሬ ዝግ ነን። ምን ነበር?»

«ሥራ ፈልጌ ነው የመጣሁት። እርስዎ ጋ ቦታ ካለ ብዬ።»

እርስዎ! ሎጋው አባቱን ዕድሜ ልኩን አንተ ነው የሚላቸው። አባዬ ና፣ አባዬ ብላ፣ አባዬ ተኛ። አለቃ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ አንድ ሰው ስለ ቤታቸው እሳቸውን ጠየቀ።

«ማን ላከህ?»

ሎጋው በአገጩ አሳየኝ።

«የወረቀቷ ልጅ? አፏ ነው እንጂ ልቧ ደህና ነው። እስቲ እጅህን።»

ሎጋው እጁን ዘረጋ። አለቃ አገላብጠው አዩት፤ የመቀሱ ቀለበት ያደነደነው አውራ ጣቱ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ሠርተህበታል። ማን አስተማረህ?»

ሎጋው ወደኔ ዞረ።

«አንድ ትልቅ ሰው» አለ።

«ደህና አስተምሮህ እንደሆነ እናያለን። ፊኛ!»

አቀበልኩ። ሎጋው ሳሙናውን መታ፤ አረፋው ወፍራም ሆኖ ሲነሣ አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊኛውን ቀባው። ምላጩን ዘረጋ። ይኼ በየቀኑ ሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ የሚያሳርፍ ሰው ነው፤ አንድ ሰው አድምቶ አያውቅም። የመጀመሪያው መስመር ደህና ወረደ። ሁለተኛውም። ከዚያ አለቃ ጠጋ ብለው ፊቱን ትኩር ብለው አዩት። ሎጋውም ቀና አለና ዓይን ለዓይን ተያዩ። ምላጩ ወደ ጎን ተንሸራተተ።

ጧ!

አረፋው መስታወቱ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ የሦስታችንም ፊት ላይ ተረጨ። ሎጋው ምላጩን እንደያዘ ክው ብሎ ቀረ። አለቀ፣ አልኩ በሆዴ፤ አሁን ይጮሃሉ፣ ነገ ሻንጣው ይነሣል።

አለቃ ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ፣ ወንበሩን እስኪደገፉ ሳቁ። ፎጣ አንሥተው መጡና የሎጋውን ፊት ይጠርጉ ጀመር። ጉንጩን፣ ቅንድቡን፣ ከጆሮው ኋላ ያለችውን ሳይቀር። እንዲመቻቸው ጎንበስ አለላቸው፤ ዓይኑን ጨፍኗል።

«አይዞህ፤ አትደንግጥ» አሉት። «የመጀመሪያው ይፈነዳል። የኔም ልጅ ፈንድቶበታል። አልቅሶ እናቱ ጋ ሮጠ።»

«ልጅ አለዎት?» አለ ሎጋው። ዓይኑን አልገለጠም።

«አለኝ። እንዳንተ ረጅም ነው። አሁን ሥራ ላይ ነው።»

«ጎበዝ ነው?»

አለቃ ፎጣውን በሥርዓት አጠፉት። ከዚያ ልጃቸው እንዳይሰማቸው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይበልጠኛል። ገና ድሮ ነው የበለጠኝ። እኔ ፀጉሩን ነው የማየው፤ እሱ ሰውዬውን ያያል። ያዘነ ሰው ሲመጣ ያውቃል፤ ቀስ ብሎ ይቆርጠዋል። ግን ነግሬው አላውቅም። ካመሰገንኩት ይሰንፍብኛል ብዬ። ሞኝ ነኝ አይደል?» የሎጋውን ትከሻ ያዙ። «ካገኘኸው ንገርልኝ።»

ሎጋው ዓይኑን ገለጠ።

«እነግረዋለሁ አለቃ» አለ።

እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። መንገዱ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም ትክ ብዬ አየሁት፤ እንባዬንም በክንዴ ጠረግኩ።

«እሳቷ፣ ሌላ ፊኛ አቀብዪኝ» አለ ከኋላዬ።

ሁለተኛውን ሙልጭ አድርጎ ላጨው። አለቃ በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ፈተሹት፤ ጠርዝ ላይ የምትቀር ነገር ፈልገው አጡ።

«ነገ በጊዜ ና» አሉት። «ወለል መጥረግ ግን ካንተ ነው የሚጀምረው።»

ሰኞ ሻንጣው አልተነሣም። ሎጋው ወደ አረጋውያን መኖሪያው ደወለና አልጋውን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ነገራቸው። «ለጊዜው» የምትል ቃል ጨመረባት፤ እኔም አልተከራከርኩትም። በሽታው እንደሆነ የትም አልሄደም። ትናንት የቀጠሩትን ሰው አለቃ ዛሬ ይረሱታል። ሎጋው ዓይናቸው ሲለወጥ ካየ መቀሱን ያስቀምጣል፤ ወጥቶ በፊት ለፊት በር ይገባል፤ «ጤና ይስጥልኝ አለቃ» ይላል። ደንበኞቹ ለምደውታል። ግማሽ ራሳቸው ተቆርጦ በትዕግሥት ይጠብቃሉ፤ ፊኛው ሳይፈነዳ ካለቀ ያጨበጭባሉ። አንዱ እንዲያውም ከሌላ ሰፈር ይኼንኑ ሊያይ መጥቶ ፀጉሩን ሳያስበው ተቆርጦ ሄደ።

አለቃ ራሳቸውም ሥራ አላቸው። ምላጩ የወጣለት መያዣ ሰጥተናቸው ፊኛ ይላጫሉ። ምላጭ እንደሌለው አውቀውብናል፤ «ለጀማሪ ይኼም ይበቃል» ብለውን ዝም አሉ። ማን ጀማሪ እንደሆነ አልጠየቅናቸውም። ፖስተኛው ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣና መላጣውን ያቀርብላቸዋል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ተላጭቶ መኖር ተስማምቶታል። አለቃ አረፋ ቀብተው በመያዣው ሲጠርጉለት ሎጋው ወጥቶ አየር ይቀበላል። ከሰዓት አንዳንዴ እኔ ጋ ናቸው፤ ያን ሰዓት ሎጋው የግድግዳው ወንበር ላይ እንቅልፍ ሲጥለው ሰምቻለሁ። ማንኮራፋቱ በግድግዳው ያልፋል።

መጥፎ ቀንም አለ። ፈተናውም የማይሠራበት፣ አለቃ የሚያለቅሱበት፣ ሎጋው ጓዳ ገብቶ የሚቆይበት ቀን አለ። አንድ ቀን እኔንም ሌባ አሉኝ፤ በገዛ ሱቄ፣ በገዛ ማስመሪያዬ። ሎጋው ሰምቶ በሳቅ ሊሞት ነበር።

«አሁን እኩል ሆንን» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሊዘጉ ሲሉ የማግስቱን ፊኛ ይዤ ገባሁ። ሎጋው ወለል ይጠርጋል። አለቃ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

«አንተ ልጅ» አሉት።

«አቤት አለቃ።»

«ልጄ ሲመጣ ያስወጣኛል ብለህ እንዳትሰጋ። ወንበሩ ሁለት ነው። ያ የሱ ነው፤ ማንም አይነካውም።» የግድግዳውን ወንበር አሳዩት። ከዚያ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ፤ የተቀመጡበትን በፎጣ ወለወሉት። «ይኼ ደግሞ ያንተ ይሁን። እኔ ደክሞኛል። እስቲ ተቀመጥበት።»

ሎጋው መጥረጊያውን እንደያዘ ቆመ። ወደኔ አየ፤ እኔም ተቀመጥ እንጂ ምን ትጠብቃለህ በሚል ዓይን አፈጠጥኩበት። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና የአባቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እግሩ ስለረዘመ የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

አለቃ ነጩን ጨርቅ አራግፈው አንገቱ ላይ አሰሩለት። ማበጠሪያ አነሡ። ከዚያ መቀስ ለማንሣት እጃቸው መስታወቱ ሥር ሄደ፤ ሎጋው በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ሮጥኩ። ከሱቄ የልጆች ወረቀት መቁረጫ መቀስ፣ ያንን ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን ይዤ ተመለስኩና እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። አለቃ አገላብጠው አዩት፤ ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ከፍተው ዘጉት።

«የማይረባ መቀስ ነው» አሉ። «ግን እንሠራበታለን።»

ሠሩበት። ሎጋው አንገቱን ዘንበል ሲያደርጉት ዘንበል እያለ፣ ቀና ሲያደርጉት ቀና እያለ ቆየ። ፀጉሩ እዚህ ጋ አጠረ፣ እዚያ ጋ ቀረ፤ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚስቅበት ያን ሰዓት አውቄያለሁ። እሱ ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታያል። አለቃ ጨርሰው ጨርቁን አራገፉና ማበጠሪያውን ሊያጥቡ ወደ ጓዳ ገቡ።

ሎጋው መነሣት ይችል ነበር። አልተነሣም። አለቃ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ ተመለሱ፤ አዩት፤ ጨርቁን እንደገና አንገቱ ላይ አሰሩለት።

«እሺ፣ እንዴት እናድርገው?» አሉት።

«ትንሽ ጫፍ ጫፉን» አለ ሎጋው።